ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

ስለ ዐድዋ ስንጽፍ ጠመንጃውን እንቆጥራለን፤ ጥይቱን እንዘነጋለን። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ከተገዛ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል፤ ያለቀውን የሚተካ እጅ ከሌለ ጠመንጃው ከዱላ አይሻልም። እንግዲህ ላነሣው የምሻው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጥይት የማይሠራ አገር ወታደሩን በምን ያለማምዳል?

በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ አቅራቢያ፣ በአቃቂ በኩል የሚያልፈው የቀድሞው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የጥይት ሣጥን ወደ ሸዋ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበር። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ያመጣው የጦር መሣሪያ ከታጁራ ለመድረስ አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል። በ1885 ዓ.ም. ኢጣሊያ የውጫሌን ውል ለማስጠበቅ ስትል ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ዳግማዊ ምኒልክ ጥይቱን ተቀብለው በዚያው ዓመት ውሉን አፈረሱት። ብልህነታቸው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ጥይታችን ከማን እጅ ይመጣ እንደነበረም ይነግረናል።

በዘመኑ እጅግ የተስፋፋው ውጅግራ ነበር። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። የውጅግራ ጥይት አራት ነገሮች አሉት፦ የናስ ቀለህ፣ ባሩድ፣ የእርሳስ አረርና እሳት የሚያስነሣው ካፕሱል። እርሳስ በከሰል እሳት ይቀልጣል። ጥቁር ባሩድም ከድኝ፣ ከከሰልና ከጨው ባሩድ በአገር ውስጥ ሲቀመም የኖረ ነው። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር። በባለሙያው እጅ የማይሠራው ካፕሱሉ ነበር፤ እርሱ ግን ከውጭ ካልመጣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጥይት ገንዘብ መሆኑ ነው። የማርያ ትሬዛ ብር ለትንሽ ግብይት ይከብዳል፤ በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ገንዘብም ገበያውን ቶሎ አልያዘም። ስለዚህ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የብር ዝርዝር ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ዝናር የታጠቀ ወታደር የገንዘብ ቦርሳውን በወገቡ አስሮ እንደሚሄድ ሰው ነበር። ታዲያ ለዒላማ ልምምድ ብሎ ገንዘቡን ወደ ዛፍ የሚተኩስ ማን ነው?

በሌላው ዓለም ይህ ችግር መፍትሔ ተፈልጎለታል። የአሜሪካ ጦር የኩስተር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1876 በሊትል ቢግሆርን ከተደመሰሰ በኋላ ለዒላማ ልምምድ ብርቱ ትኩረት ሰጠ። ቀለሁ ተሰብስቦ በየጦር ሰፈሩ በመሙያ መሣሪያ ይሞላ ጀመር፤ ለአጭር ርቀት ልምምድም ጥቂት ባሩድና ክብ እርሳስ ይበቃ ነበር። እንዲህ ያለው ቀላል ጥይት ወጪው ትንሽ ነው፤ ርግጫው ለስላሳ በመሆኑም ተኳሹ ምላጩን ሲስብ አይበረግግም። የሪቮልቨር ሽጉጥ አፍቃሪዎች ዛሬም በቤታቸው ለልምምድ የሚሞሉት ይህንኑ ቀላል ጥይት ነው። ለልምምድ የሚሆን ርካሽ ጥይት መሥራት የቻለ፣ ውዱን ለጦር ሜዳ ያስቀምጣል።

«ታዲያ በዐድዋ አላሸነፍንምን?» ይባል ይሆናል። አዎን፣ በሠራዊት ብዛት፣ በጀግንነትና በመሪዎች ብስለት አሸንፈናል። ዕዳው የተከፈለው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ አንሸጥም አሉ። በወረቀት ላይ እኩል ፍርድ ይመስላል። ኢጣሊያ ግን ጥይቷን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ክልከላው አልነካትም። በ1928 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊታችን የታጠቀው ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው የማይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት አላገኘንም አልልም፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ በአምቦ አቅራቢያ የተቋቋመው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ምስክር ነው። ነገር ግን አስተሳሰቡ ከጥይት ይሰፋል። በአገራችን ከውጭ የተገዛ የላቦራቶሪ መሣሪያ «ኬሚካሉ እንዳያልቅ፣ ዕቃው እንዳይበላሽ» ተብሎ ሲቆለፍበት፣ ተማሪውም ሙከራውን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ሲመረቅ አያለሁ። ይህ የዝናሩ ታሪክ ነው፦ ውድ የሆነውን እናስቀምጣለን፣ በርካሹ የሚለማመዱበትን ግን አንሠራም። የአገር አቅም የሚለካው በመጋዘን በተከማቸው ብቻ አይደለም፤ እየተሳሳቱ ለመማር ሊያባክኑት በሚችሉት ጭምር እንጂ። ካፕሱሉን መሥራት እስክንችል ድረስ ቀለህ መልቀማችን አይቀርም።