የያሬድ ምስክሮች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ የወገራን የገብስ ማሳዎች ሰንጥቆ በዳባት በኩል ያልፋል። ከደባርቅ ባሻገር ምድሩ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ በምሥራቅ የስሜን ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። ከነዚያ ከፍታዎች አንዱ «አባ ያሬድ» ይባላል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ገብረ መስቀልን ተሰናብቶ ከአክሱም ወደ ስሜን እንደ መጣ፣ በዚያም እንደ ተሰወረ ትውፊት ይነግረናል።

ይህ ስም ዛሬ አዲስ አበባ ባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤታችን በር ላይም ይነበባል። የሙዚቃ ተማሪ ሊመረቅ ሲል ለብቻው ፒያኖ ፊት ይቀመጣል፤ መምህራኑም ታዳሚውም ያደምጡታል። ልማዱ ከባሕር ማዶ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንግዳው መሣሪያው እንጂ ፈተናው አይመስለኝም። የድጓ ተማሪ ዓመታት ከደከመ በኋላ ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይወርዳል፤ በመምህሩ ፊት አዚሞ፣ ታርሞና ተፈትኖ ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በአታ ይመሰከራል። «ምረቃ» ከምንለው ቃል «ምስክርነት» የሚለው ሳይከብድ አይቀርም፤ የተማረው ሰው የራሱ ብቻ አይደለምና፣ ከመምህሩ የተቀበለውን ያጸናል።

አንድ ሰው ግን በሁለቱም ደጆች መካከል ቆመው ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 ተወለዱ፤ አባታቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩት ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ ተምረዋል። ለንደን ሄደው በሮያል የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ቢያገኙም የመሄጃ ፈቃድ ተነፈጉ። ያ የመመረቂያ ምሽት ሳይመጣ ቀረ። ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ መነኰሱ፤ በባዶ እግራቸው አሥር ዓመት ያህል በዚያ ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ቤት አጥተው፣ ቁራሽ እየለመኑ ለሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ልባቸው አዘነ። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን የመጀመሪያ ሸክላቸው ታተመ፤ ከሥራቸው የሚገኘውንም ለችግረኞች አዋሉት። ያልገቡበት አካዳሚ ያልሰጣቸውን ምስክርነት ደበሎ ከለበሱት ሕፃናት እንዳገኙት አድርጌ አስባለሁ።

ፒያኖ የያሬድን ዜማ በሙሉ ይሸከማልን? ቁልፎቹ አስቀድመው የተቃኙ ናቸው፤ የድጓው ርክርክና ሂደት ግን በድምፅና በድምፅ መካከል ይንሸራተታሉ። እማሆይ ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ እያንጠባጠቡ፣ ጊዜውን እያላሉ ያንን ክፍተት ለመሙላት የሞከሩ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስም ከፒያኖአቸው አልተለዩም። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ግርማ ይፍራሸዋ ክራር እየተጫወተ አድጎ፣ በያሬድ ትምህርት ቤት ፒያኖን ተዋውቆ፣ በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተመርቋል። «አምባሰል»ን ጨምሮ የአገሩን ዜማዎች ለፒያኖ ጽፎ በመድረክ ከአውሮፓ ሥራዎች ጎን አቅርቧቸዋል።

ስለዚህ ተመራቂው ባኽንና ሾፐንን በሚገባ ይጫወት፤ መጫወትም አለበት። ሆኖም ስሙን ከተሸከመው ትምህርት ቤት በር ሲወጣ አንድ ዜማ ቢሆን ከዳባትና ከደባርቅ አብያተ ክርስቲያናት ካህናት አፍ ሰምቶ፣ በእጁ አስማምቶ ቢያቀርብ ምን ይጎድልበታል? መሪጌቶቹም ከመምህራኑ ጎን ተቀምጠው ቢያደምጡት፣ ሲስትም ቢያርሙት፣ ያ ምሽት ምረቃም ምስክርም ይሆናል።