ከሮማውያን ዋንጫ እስከ ጀርም ገዳይ አምፖል

ለንደን በሚገኘው የብሪታኒያ ሙዚየም የሊከርገስ ዋንጫ የሚባል የመስታወት ዕቃ አለ። ሮማውያን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት ነው። ብርሃን ከውጭ ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራበት ደግሞ ቀይ ይሆናል። ምሥጢሩ ምን ይሆን? በመስታወቱ ውስጥ የተበተኑ፣ ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆኑ የብርና የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1857 ማይክል ፋራዴይ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ የደቀቀ ወርቅ ቀይ መሆኑን አጠና። በ1908 ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ሒሳቡን ሠራለት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በብረቱ ውስጥ ያሉ ነፃ ኤሌክትሮኖች በብርሃን ሲገፉ፣ በተነቀነቀ ባልዲ ውስጥ እንዳለ ውሃ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ። ይህ ውዝዋዜ ፕላዝሞን ይባላል።

ታዲያ ይህ ከጀርም ጋር ምን አገናኘው? አልትራቫዮሌት ብርሃን የባክቴሪያንና የቫይረስን ዘረ መል ስለሚጎዳ ውሃና አየር ለማጽዳት ያገለግላል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ብርሃን የሚሰጡት የሜርኩሪ (የባዜቃ) አምፖሎች ነበሩ። ሜርኩሪ ግን መርዝ ነው። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነትም አጠቃቀሙን ለመቀነስ የወጣ ነው። ምትክ ይሆናል የተባለው ኤልኢዲ ነው። ሰማያዊው ኤልኢዲ በ2014 ለሠሪዎቹ የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል፤ ጀርም የሚገድለው አልትራቫዮሌት ኤልኢዲ ግን ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚቀይረው ትንሹን ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ከብክነቱ ከፊሉ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ጉልበቱ ብርሃን ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በክሪስታሉ ውስጥ ያሉ ጉድለቶች ይቀሙታል። መውጫውን ማፋጠን ይቻል ይሆን? አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፐርሴል በ1946 መልሱን ጠቁሞ ነበር፦ ብርሃን የሚወጣበት ፍጥነት እንደ አካባቢው ይለያያል። ፕላዝሞን ደግሞ ፈጣን መውጫ ነው።

በ2004 ኮይቺ ኦካሞቶና ባልደረቦቻቸው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ክሪስታልን በስስ ብረት ሸፈኑት። በብር ብርሃኑ 14 እጥፍ፣ በአሉሚኒየም 8 እጥፍ ደመቀ። ወርቅ ምንም አልጨመረም።

ወደ አልትራቫዮሌት ሲገባ ግን ደረጃው ተገለባበጠ። ከ310 ናኖሜትር ገደማ በታች ብር ራሱ ብርሃኑን መዋጥ ይጀምራል፤ የአሉሚኒየም ኤሌክትሮኖች ግን እዚያም መዋለላቸውን አይተዉም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ አሉሚኒየም ናኖ ቅንጣቶች አዞሩ። ወርቅና ብር ያቃታቸውን፣ የድስታችን ብረት ቻለው ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ብረቱ በጣም ከቀረበ ብርሃኑን ይበላዋል፤ ከራቀ ደግሞ አይረዳም። ትክክለኛው ርቀት ጥቂት ናኖሜትሮች ብቻ ነው። የ2004ቱ ሙከራም ክሪስታሉን የቀሰቀሰው በሌዘር እንጂ በኤሌክትሪክ አልነበረም። በኤሌክትሪክ በሚሠራ ኤልኢዲ ላይ ደግሞ ጅረቱን የሚያስገባው ንብርብር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ርቀት ይወፍራል። ብረቱን ጅረቱን ሳያውክ ያን ያህል ማስጠጋት፣ የሜርኩሪውን አምፖል ለማሰናበት ከቀሩት ፈተናዎች አንዱ ነው።