ቸርኬ ከቮልስ እስከ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል

አባቴ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጎሚስታ ሳለ፣ ቸርኬ መምረጥ የዓይን ሥራ ነበር። የቀድሞዋ ቮልስ 5 ብሎኖቿ 205 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ይደረደራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጣችው ባለ 4 ብሎን ደግሞ 130 ናት። ቆሞ ያየ ሁሉ ይለያቸዋል። ቀጥሎ የኮሮላ ዘመን መጣ፤ ጎረምሳው የብረቱን ቸርኬ እያስፈታ አሉሚኒየም ማስገጠም ያዘ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ሲከለክል የእኛም ሥራ ተለወጠ። ከኤሌክትሪኮቹ ቴስላ ሞዴል 3ን እንውሰድ፦ 5 ብሎን፣ 114.3 ሚሊ ሜትር፤ ልክ እንደ ብዙ ቶዮታዎች። ይህን ያየ ደንበኛ፣ «የራቭ ፎሬን ቸርኬ ግጠምልኝ» ይለኛል።

«ጋሼ፣ እሱ አይሆንም።»

የቶዮታው ቸርኬ መሐል ቀዳዳ 60.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቴስላው ሞዞ ግን 64.1። በመዶሻም አይገባም። ባትሪው መኪናዋን ስለሚያከብዳት፣ ቸርኬውም ጎማውም ያን ጭነት የሚችሉ መሆን አለባቸው። ሰፊና ከባድ ቸርኬ ያምራል፤ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውን መንገድ ግን ያሳጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ካሊፐሬን አወጣለሁ፤ ዋጋ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።