መገደል ብቻውን መዝገበ ዕውቀት ያስገባል?

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ መንገድ ላይ የምትገኘው ሉማሜ፣ የአዋበል ወረዳ ከተማ፣ ኢንሳይክሎፒዲያ በየቤቱ የሚደረደርባት አገር አይደለችም። በዙሪያዋ ባሉት አድባራት ግን ስንክሳር አለ። የዓመቱን ቀናት ተከትሎ የቅዱሳንን ታሪክ የሚያስነብበው ይህ መጽሐፍ በግፍ የተገደሉ ሰዎችን ብዙ ታሪክ ይዟል። የዘመኑ መዝገበ ዕውቀት አዘጋጆች «የወንጀል ሰለባ በስሙ የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል ወይ?» እያሉ ይከራከራሉ። ለጎጃም ደብተራ ይህ ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም።

ስንክሳሩ ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ አለው። ሚያዝያ 23 የሚታሰበው ጊዮርጊስ ስም፣ ወላጆች፣ ሹመትና እምነት አለው፤ ሞቱ የሚተረከው ከሕይወቱ ጋር ተያይዞ ነው። ጥር 3 ደግሞ ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት ይታሰባሉ። ቁጥራቸው 144,000 ተብሏል እንጂ ስም አልተጻፈላቸውም። የሚነገረው እልቂቱ ነው። አንዱ በሕይወቱ ተመዘገበ፤ ሌሎቹ በደረሰባቸው ግፍ።

የዘመን አቆጣጠሩም ትምህርት ይሰጣል። በ284 እ.ኤ.አ. የሚጀምረው ዘመን መጀመሪያ የሚጠራው በንጉሡ በዲዮቅልጥያኖስ ስም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ዓመተ ሰማዕታት አለችው። የአሳዳጁን ስም አንሥታ የተሰዉትን አስገባች።

የእኛ ዘመን መዛግብት በአብዛኛው የሄዱት በተቃራኒው ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ የፋሺስት ጣሊያን ወራሪ በአዲስ አበባ የፈጃቸውን የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሏቸዋል፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ወደ 19,000 ያወርዳቸዋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ደብረ ሊባኖስ ላይ ጄኔራል ማሌቲ ያስረሸናቸውን መነኮሳት የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 አላቸው። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ባካሄዱት ጥናት ግን ከገዳሙ ጋር በተያያዘ የተገደሉት ከ1,400 በላይ ሲሆኑ 2,000 ሊደርሱም ይችላሉ። ግራዚያኒ በየኢንሳይክሎፒዲያው የራሱ ገጽ አለው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ እንኳ ቆሞለታል። መነኮሳቱ ግን የሚገኙት በእሱ ታሪክ ውስጥ፣ በቁጥር ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚያው ወራሪ የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም የሕይወት ታሪክም አላቸው፤ ጳጳስ ስለነበሩና ሕዝቡ እንዳይገዛ ስላወገዙ። ልዩነቱ የመጣው ከሞታቸው አይደለም፤ ከሞት በፊት ከሠሩት ነው።

እንደ ሉማሜ በጎጃም የሚገኘው ደብረ ኤልያስም ምስክር ነው። የዚያ አገር ልጅ የሆኑት አቡነ ቴዎፍሎስ በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆኑ፤ በ1968 ደርግ ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ በ1971 በእስር ላይ ሳሉ በድብቅ ተገደሉ። አፅማቸው ወጥቶ በጎፋ ገብርኤል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኚህ አባት በአልጋቸው ላይ ቢሞቱም ኖሮ ከመዝገብ አይቀሩም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት የተረሸኑት ባለሥልጣናትም እንዲሁ ናቸው። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ብዙ ገጽ ይጻፍላቸዋል። አብረዋቸው የወደቁት ተራ መኮንኖች ግን ከዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ናቸው። ሌሊቱም ጥይቱም አንድ ነበር።

ይህ አድልዎ ነው ወይ? እንደ እኔ አይደለም፤ ዝርዝሩ ካለ። በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግድግዳው በሟቾች ፎቶግራፍ ተሞልቷል፤ በመስታወት ውስጥ ከጉድጓድ የወጡ ልብሶችና አፅሞች አሉ። ፎቶግራፋቸው እዚያ ከተሰቀለው ወጣቶች ብዙዎቹ ታሪክ ለመሥራት ዕድሜ አላገኙም። ለእያንዳንዳቸው የሕይወት ታሪክ እንጻፍ ብንል ከትምህርት ቤታቸውና ከተያዙበት ቀን ሌላ የምንለው ያጥረናል፤ የቀረውን ገጽ ገዳዩ ይሞላዋል። «ቀይ ሽብር» በሚለው ጽሑፍ ሥር ሙሉ ስማቸው ቢሰፍር ግን ማንም ወደ ቁጥርነት አይወርድም።

በሕይወት ያለች ተጎጂ ስትሆን ነገሩ ይከብዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ጠላፊዋን ገደለች፤ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ተሟገቱላት፤ ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያን በር ዘጋ። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ስሟን ቀይሮ ታሪኩን ሲያቀርብ ግን ባለታሪኳ አልፈቀድኩም ብላ በመክሰሷ የአዲስ አበባው ምርቃት ተቋረጠ። ስም መቀየር ብቻውን አልጠቀማትም፤ የጎደለው ፈቃዷ ነበር።

ፈቃድ የማይጠየቅ ሟች ሕፃንስ? በ2015 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተገደለችው የ7 ዓመት ልጅ ስምና ፎቶ በነሐሴ 2016 በማኅበራዊ ሚዲያ አገር አዳረሰ። ጩኸቱ ተገቢ ነበር፤ ስሟን የሚያነሣውም ፍትሕ ፈልጎ ነው። መዝገበ ዕውቀት ግን ጩኸቱ ካለፈ በኋላም የሚነበብ ነው። ሕፃኗ በሰባት ዓመቷ የሠራችው ታሪክ የለም፤ በስሟ የሚከፈት ገጽ የሚተርከው የገዳዩን ሥራ ነው። ስለዚህ ወንጀሉ፣ ፍርዱና ያስነሣው የሕግ ጥያቄ ይጻፍ፤ ርዕሱ ግን እሷ አትሁን። ስሟ ይግባ አይግባ የሚለውን ቤተሰቧ ይወስን።

የጎጃም አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ አሟሟቱን ብቻ አትናገርም፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እርሻውን፣ ደግነቱን ትቆጥራለች። መዝገበ ዕውቀትም ለአንድ ሰው በስሙ ገጽ ከመክፈቱ በፊት የሞቱን አንቀጽ አውጥቶ ቀሪውን ማንበብ አለበት። የሚነበብ ከቀረ ገጹ የእሱ ነው። ካልቀረ ጽሑፉ የወንጀሉ ይሁን፤ የሟቾቹም ስም በዝርዝር ይግባበት። ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ይህ ዝርዝር ገና አልተሟላም፤ ክርክራችንን ከማራዘማችን በፊት ከየገዳሙና ከየቤተሰቡ ስም መሰብሰቡ ይቅደም።