የውቅያኖስ ነውጥ እንዴት መለካት ተጀመረ

በውቅያኖስ ውስጥ ሞቃቱ ውኃ ከቀዝቃዛው፣ ጨው የበዛበት ከሳሳበት የሚደባለቀው በነውጥ ነው። ትልቁ ሽክርክሪት ጉልበቱን ለትንሹ እያወረሰ ይሄድና ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጉልበቱ በፍትጊያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ነውጥን መለካት ማለት የዚህን ለውጥ ፍጥነት ማወቅ ነው። አንድሬ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 ሂደቱን በቀመር አስቀመጡ፤ ግራንትና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በካናዳ ዲስከቨሪ ፓሴጅ ለክተው በ1962 ትክክለኛነቱን አሳዩ።

ለዚህ ልኬት የሚያገለግለው ሺር ፕሮብ የሚባል መሣሪያ ግን መነሻው የአየር ጥናት ነው። ሲደንና ሪብነር በ1965 ለአየር ያዘጋጁትን ዓይነት ዳሳሽ ቶማስ ኦስቦርን ለባሕር አዋሉት፤ ውጤታቸውንም በ1974 አሳተሙ። ጫፉ ጥይት ይመስላል፤ ውስጡ ሲታጠፍ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሴራሚክ ስንጥር አለው። መሣሪያው ወደ ጥልቁ ሲወርድ ነውጡ ጫፉን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ስንጥሩ ይታጠፋል፤ ቮልቴጁም ይመዘገባል። ከዚህ ላይ የፍጥነቱ ልዩነት፣ ከልዩነቱም ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት ይሰላል።

ልኬቱ የቆየ ግምት አፈረሰ። ዋልተር ሙንክ በ1966 ለጥልቁ ውኃ የገመቱት የመደባለቅ መጠን በብዙ ሰፋፊ የውቅያኖስ ክፍሎች ከተለካው አሥር እጥፍ ያህል በልጦ ተገኘ። በ1997 የታተመ የብራዚል ተፋሰስ ጥናት ደግሞ ብርቱው ነውጥ ወጣ ገባ ከሆነ ወለል በላይ እንደሚገኝ አሳየ።

ጉዳዩ ባሕር ለሌላቸው ከተሞችም ይተርፋል። በበረሃ መካከል ያለችው ሪያድ ከጠረፍ ከተማዋ ከጁበይል ጨዉ ተለይቶ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ትጠጣለች። ከማጣሪያው ወደ ባሕር የሚመለሰው ብርቱ ጨዋማ ውኃ ቶሎ መበተን አለመበተኑን ከሚወስኑት አንዱ ነውጥ ነው።

ሺር ፕሮብ ቢስፋፋም ስሌቱ አንድ ወጥ አልነበረም። የመሣሪያው ንዝረትና ጫፉን የሚነኩ ጥቃቅን ፍጥረታት ነውጥ መስለው ይመዘገባሉ፤ እነሱን የማጽዳቱ ዘዴ ግን ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ይለያያል። ስለዚህ የሁለት ቡድኖች ውጤት ሲራራቅ ልዩነቱ የባሕሩ ይሁን የስሌቱ መለየት ያስቸግር ነበር።

ይህን ለማቃናት አቶሚክስ የተባለ ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን በ2024 አምስት የማነጻጸሪያ መረጃዎችን አሳተመ። ከእነሱ መካከል ከፋሮ ደሴቶች አጠገብ ካለው ጥልቅ ቦይና ከባልቲክ ባሕር የተሰበሰቡ ይገኛሉ። እያንዳንዱ መረጃ በአራት ደረጃ ተቀምጧል፦ ወደ አካላዊ መለኪያ የተቀየረው ምዝገባ፣ የጸዳው ምልክት፣ ስፔክትረሙ (ምልክቱ በየሞገድ መጠኑ ሲከፋፈል) እና የመጨረሻው ግምት። አዲስ የስሌት ፕሮግራም የጻፈ ተመራማሪ ውጤቱን በየደረጃው ያስተያያል፤ ልዩነት ካገኘም ስሕተቱ የት ላይ እንደገባ ለይቶ ያርማል።