ፊልሙ የፈረደው፣ ታሪክ ያልፈረደው፦ ታርዛንና የሊዮፖልድ ኮንጎ

ታርዛንን የማያውቅ የከተማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስሙ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ወደ ሰፈር ከወረደና የጡንቸኛ ጎረምሳ ሁሉ ቅጽል ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ይህ ጨዋታ የሚመስል ተረት ከአፍሪካ ታሪክ እጅግ መራር ምዕራፎች በአንዱ ላይ የበቀለ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የዘመናችን ፊልም ሠሪዎች የጥንቱን የጫካ ጀብዱ አርመው ሲያቀርቡልን የሚያርሙት ምኑን ነው? የሚተዉትስ? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድጋር ራይስ በሮውዝ የታርዛንን ታሪክ በ1912 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት አወጣ፤ በ1914 ደግሞ በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ደራሲው አፍሪካን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በእስያ ብቻ የሚገኘውን ታይገር የተባለ አውሬ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ አስገብቶ ከጻፈ በኋላ በመጽሐፉ ላይ ወደ አንበሳ ለመለወጥ ተገዷል። ስለ ኮንጎ ግን ሰምቶ ነበር። የምቦንጋ መንደር ሰዎች የቤልጂጉ ንጉሥ የዳግማዊ ሊዮፖልድ ሹማምንት ለጎማና ለዝሆን ጥርስ ሲሉ ካደረሱባቸው ግፍ ሸሽተው የመጡ ስደተኞች መሆናቸውን ልብ ወለዱ በግልጽ ይናገራል። ታዲያ ደራሲው እነዚህን ስደተኞች ምን አደረጋቸው? ሰው በላ አደረጋቸው። ታርዛን በገመድ እያነቀ ይገድላቸዋል፤ በፍርሃታቸውም ይዝናናል። የሊዮፖልድ ግፍ ተጠቅሶ የግፉ ተቀባይ ግን ለጀግናው አደን ሆኖ ቀረበ።

ፊልሞቹ ነገሩን ይበልጥ አቀለሉት። ከ1932 ጀምሮ የኦሊምፒኩ ዋናተኛ ጆኒ ዋይዝሙለር በገነነባቸው ፊልሞች ውስጥ ቀርተው የታዩት ጩኸቱ፣ ሐረጉና ዝንጀሮዋ ናቸው። ዲዝኒ በ1999 የካርቱን ታርዛን ሲሠራ ደግሞ ከወቀሳ የሚያመልጥበትን አቋራጭ አገኘ፦ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ አንድም አፍሪካዊ ሰው አላሳየም። አፍሪካዊውን በክፉ ከመሳል ጨርሶ ማጥፋት ቀለለ ማለት ነው።

በ2016 የወጣው የዴቪድ የትስ ፊልም ግን ከእነዚህ ይለያል። ታሪኩን በ1890 በሊዮፖልድ ኮንጎ ላይ አኑሮ ባርነቱንና ዘረፋውን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ በመግቢያውም አፍሪካን ለቅርምት ያመቻቸውን የበርሊን ጉባኤ ያስታውሳል። የዚያ ጉባኤ ፍሬ ለእኛም ባዳ አይደለም። ጣሊያን በ1889 የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለኃያላኑ ያስታወቀችው የበርሊኑን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ መሠረት አድርጋ ነበር። እኛ ዓድዋ ላይ መለስንላት፤ ኮንጎ ግን ያን ዕድል አላገኘችም።

ፊልሙ ሁለት እውነተኛ ሰዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስ ነው። ዊልያምስ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደር፣ በኦሃዮ ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር እንደራሴ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ በ1882 ያሳተመ የታሪክ ሰው ነበር። በ1890 ኮንጎን ተዘዋውሮ አየና ከስታንሊ ፏፏቴ ለንጉሡ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በጻፈውም በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል የሚለውን ቃል ተጠቅሟል። በ1891 በእንግሊዝ አገር በ41 ዓመቱ አረፈ።

ከግልጽ ደብዳቤው ውስጥ አንድ ዝርዝር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የሊዮፖልድ ሰዎች ከለንደን የተገዛ የኤሌክትሪክ ባትሪ በኮታቸው ሥር ደብቀው ሽቦውን እስከ መዳፋቸው ይዘረጉ ነበር። የመንደሩ አለቃ እጃቸውን ሲጨብጥ ይነዝረዋል። ይህ ጉልበት ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቅም ነጭ ሰው ዛፍ ከነሥሩ ይነቅላል ይሉታል። አለቃውም ፈርቶ መሬቱን በውል ያስረክባል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከበሮውዝ 22 ዓመት በፊት ከሰው በላይ ጉልበት ያለው ነጭ ሰው ኮንጎ ውስጥ በባትሪ ተሠርቶ ነበር፤ ዓላማውም መሬት መንጠቅ ነበር። ያንን ማታለል ያጋለጠው ደግሞ ዊልያምስ ነው። ፊልሙ ይህን ሰው ምን አደረገው? ከእንግሊዛዊው መስፍን ኋላ ኋላ እያለከለከ የሚሮጥ፣ የሚያስቀን ረዳት። ዊልያምስ ውሸት ነው ብሎ የመሰከረበትን ጉልበት ፊልሙ እውነት አድርጎ መፍትሔ አደረገው።

ሁለተኛው ሰው ሌዎን ሮም ነው። ይህ የቤልጂግ መኮንን በ1890ዎቹ በስታንሊ ፏፏቴ ሳለ በቤቱ ደጅ የአበባ መደቡን በ21 የሰው ራሶች እንዳስጌጠ አንድ እንግሊዛዊ ተጓዥ መዝግቧል። በፊልሙ ውስጥ አዞ ይበላዋል፤ ተመልካቹም እፎይ ይላል። እውነተኛው ሮም ግን እስከ 1924 ኖሮ ለፍርድ ሳይቀርብ በአገሩ ሞተ። ሲኒማው ታሪክ ያልሰጠውን ፍርድ ሰጥቶ ያሰናብተናል፤ ፍርድ ያየ ሰው ደግሞ ፍርድ አይጠይቅም።

ፊልሙ ምንም አልጠቀመም አልልም። ለብዙ ወጣቶች የሊዮፖልድን ስም መጀመሪያ ያሰማው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ከአስተማሪነቴ አንጻርም ይህን አላቃልልም። ነገር ግን የሊዮፖልድን አገዛዝ የጣለው የምስክርነት ክምችት ነው። የኬስመንት ሪፖርት፣ የሞረል ዘመቻ፣ አሊስ ሃሪስ ያነሣቻቸው የተቆረጡ እጆች ፎቶግራፎች፣ ከሁሉም በላይ የኮንጎዎቹ የራሳቸው ቃል ተደማምረው ንጉሡ በ1908 ኮንጎን ለቤልጂግ መንግሥት እንዲያስረክብ አስገደዱት። ንጉሡ ራሱ ባቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ፊት ሎንቱሉ የተባለ የቦሊማ አለቃ 110 ጭራሮ ይዞ ቀረበ። እያንዳንዱ ጭራሮ ለጎማ ሲባል የተገደለ አንድ ሰው ነበር። መኳንንቱን፣ ወንዶቹን፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ለየብቻ ከምሮ፣ አንድ በአንድ እያነሣ ስማቸውን ጠራ። ይህን ትዕይንት ለመቅረጽ ሐረግም ጡንቻም አያስፈልግም።

ጉዳዩ የሥነ ጥበብ ብቻ እንዳይመስለን። የቤልጂጉ ንጉሥ ፊሊፕ በ2020 ለኮንጎ ፕሬዚዳንት በጻፉት ደብዳቤ፣ በ2022ም ኪንሻሳ ሄደው ጥልቅ ጸጸታቸውን ገለጹ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቁም። ጉዳዩን የያዘው የፓርላማ ኮሚሽንም በ2022 መጨረሻ ስለ ይቅርታ ሳይስማማ ተበተነ። ይቅርታ ካሳን ያስከትላል የሚል ሥጋት ነበርና። ፊልምም እንደዚያው በደሉን አምኖ ባለቤቱን ከጉዳዩ ያወጣዋል፤ ተበዳዩን ምስክር ሳይሆን ተመልካች ያደርገዋል።

እንግዲህ የታረመ የጫካ ፊልም በቀረበልን ቁጥር ክፉው ተቀጣ ወይ ብለን ብቻ አንለፍ። ሎንቱሉስ የት አለ? ጭራሮዎቹን ማን ቆጠራቸው? ብለን እንጠይቅ።