የላንጋኖ አሸዋ፤ ከገደብ ደጋ እስከ ሐይቁ ዳር

የገደብ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ውኃ ሂያጅ ውኃ ነው። ከዲላ በስተ ደቡብ፣ በጌዴኦ ደጋ ላይ በተዘረጋው በዚህ አገር ውኃ ከምንጭ ይፈልቃል፤ በእንሰቱና በቡናው ሥር ያልፋል፤ ገደሉን ይዞ ወደ ቆላ ይወርዳል። እናቶች ይቀዱታል፣ ልጆች ይታጠቡበታል፣ ገበሬው በወራቱ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ውኃ ሜዳ ሆኖ የተኛበት፣ ዳሩም አሸዋ የሆነለት፣ ሰው ያለ ሥራ ከቤተሰቡ ጋር የሚቀመጥበት ስፍራ በአካባቢው የለም። በመሆኑም ከቡና ለቀማው በኋላ አንድ የገደብ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ቢወርድ ነገሩ የአንድ ቀን መዝናናት ይመስላል እንጂ በስተ ኋላው ረዥም ታሪክ አለው። ታሪኩም የመንገድ፣ የሰላምና ለሁሉ የተከፈተ ዳርቻ ታሪክ ነው።

በቅድሚያ፣ ይህ ቤተሰብ ስለምን ወደ ቅርቡ ሐይቅ አይሄድም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለጌዴኦ ምድር ከሁሉ የሚቀርበው ታላቅ ሐይቅ አባያ ነው። ከጌዴኦና ከሲዳማ ደጋዎች የሚወርዱትን ውኃዎች የሚሰበስበው የጊዳቦ ወንዝ መጨረሻው እዚያ ነው። አባያ ወደ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል በስፋቱ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል፤ ጥልቀቱ ግን ከ13 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ውኃው ቀላ ያለ ነው። ይህም ቀለም ከዙሪያው ደጋዎች እየታጠበ የሚወርደው ደቃቅ አፈር የሰጠው ነው። ወንዞች በሚገቡበት አፍ አፉ ረግረግና ቄጠማ ይበዛል፤ አዞውም በዚያ ይኖራል። ስለዚህ አባያ ዓሣ አጥማጁን ይመግባል፣ ከሩቅ ለሚያየውም ግርማ አለው፤ ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው የሚገቡበት ሐይቅ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የወንዝ አፍ የደጋውን አኗኗር የሚመሰክር ስፍራ ነው። በላይ የተራቆተ ተራራ ካለ በታች ደለል ይከመራል፤ በላይ አፈሩን የያዘ ዛፍ ካለ በታች ውኃው ይጠራል። የጌዴኦ ገበሬ ከትልልቁ ዛፍ ሥር ቡናን፣ ከቡናው ጎን እንሰትን እያጣመረ ቁልቁለቱን ለብዙ ትውልድ ይዞ የኖረ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የሰፈረው ስለዚሁ ጥበብ ነው። ይህ ሕዝብ ወደ ውኃ ዳር ሲወርድ እንግላሌ እንግዳ ሆኖ አይደለም፤ የሐይቆች ዕጣ የሚወሰነው በእርሱ ዓይነት ደጋ ላይ ነውና።

ቤተሰቡ ወደ ሰሜን የሚሄደውን አውራ ጎዳና ይዞ ዲላን አልፎ ሲጓዝ መጀመሪያ የሚያገኘው የሀዋሳን ሐይቅ ነው። ወደዚህ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ሲሆን ከሐይቁ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የሀዋሳ ዳርቻ የከተማ ዳርቻ ነው። በፍቅር ሐይቅ ጥላ ሥር ወጣቶች ይመላለሳሉ፤ በአሞራ ገደል ዓሣው ከመረብ ወጥቶ እዚያው ይበላል፤ ጉማሬውንም በጀልባ ሆኖ ማየት ይቻላል። ይህ ሁሉ ያምራል። ሆኖም አሸዋ ላይ ተቀምጦ ልጅን ውኃ ውስጥ መልቀቅ የፈለገ ቤተሰብ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፎ ከላንጋኖ ይደርሳል።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 230 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ45 ሜትር ይበልጣል። በምሥራቅ በኩል ከአርሲ ደጋ የሚነሡት ገደምሶ፣ ሁሉቃና ለፊስ ይገቡበታል፤ በምዕራብ በኩል ሆራ ቀሎ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል። እንግዲህ በአንዱ ዳር ወንዞች ያበቃሉ፤ በሌላው ዳር ወንዝ ይጀመራል። የጥንቱ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነው። ከ8,000 እስከ 9,000 ከሚደርሱ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፉም በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የአየሩ ጠባይ እየደረቀ ሲሄድ ውኃው ዝቅ አለ፤ አንዱም አራት ሆነ። ዛሬ ልጆች የሚቆፍሩት አሸዋ እሳተ ገሞራ የተፋውን ደንጊያ ውኃና ነፋስ በረዥም ዘመን ፈጭተው ያኖሩት ነው።

ውኃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ያመነታል፤ ቀለሙ ግን ከታች የማይረጋው ደቃቅ አፈር ያመጣው ነው። ላንጋኖ የቢልሃርዚያ ሥጋት የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅ ገላውን ለመታጠብና ለመዋኘት የሚሻ ሁሉ ከሌሎቹ ይልቅ እርሱን መርጧል። መልከ መልካም ያልሆነው ውኃ ታማኝ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለደስታ ብሎ ውኃ መግባት በአገራችን የቆየ ልማድ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰው ወደ ውኃ የሚወርደው ለሥራ፣ ለጸሎት ወይም ለፈውስ ነበር። ጠበሉ የነፍስና የሥጋ መድኃኒት ነው፤ ፍል ውኃው የቁርጥማት ማስታገሻ ነው። እቴጌ ጣይቱና ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ መስፈራቸው በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት እንደ ሆነ ይታወቃል። ሶደሬና ወንዶ ገነትም ሰው የሚጎርፍባቸው ስለ ፍል ውኃቸው ነው። የላንጋኖም ዳርቻ አስቀድሞ የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢ ስፍራ ነበር፤ ላሙና በጉ ከደጋው ወንዝ ተከትለው ወርደው በዚያ ይጠጡ ነበር። አሸዋው በጎብኚ ከመረገጡ እጅግ ቀድሞ በሰኮና ተረግጧል።

ዳርቻውን መዝናኛ ያደረገው አውቶሞቢል ነው። መንገዱ ተሠርቶ መኪና ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን መድረስ ሲችል የሳምንቱን መጨረሻ በሐይቅ ዳር የሚያሳልፍ ሰው ተፈጠረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ሰው ባለሥልጣን፣ ነጋዴ ወይም የውጭ አገር ዜጋ ነበር፤ መኪና ያለው እርሱ ነበርና። በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በስሙ የሚጠሩ ሆቴሎችን በማቋቋሙ ለመንገደኛው ማረፊያ ተገኘ። የዋቢ ሸበሌ ሆቴልም በዚያው በላንጋኖ ታወቀ። በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ የተተከሉት ጎጆ መሳይ ክፍሎችና ጥላዎች ለብዙ ዘመን የላንጋኖ ሌላ ስም ሆነው ኖሩ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅና ታላላቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት እጅ ሲገቡ በሐይቁ ዳር የሚታየው ሰው ዓይነቱ በዛ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከጓደኞቹ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ መምጣት ጀመረ። ይሁን እንጂ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት፣ ጦርነትና ድርቅ አገሩን በሚያስጨንቅበት በዚያ ዘመን ጉዞው ለጥቂቱ ብቻ የተቻለ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ሎጆች በዳርቻው ተበራከቱ፤ ሚኒባሱና የኪራይ አውቶቡሱም ተራውን ቤተሰብ ይዞ ይመጣ ጀመር።

ይህ ተራ ቤተሰብ በአሸዋው ላይ ሲታይ የሚያደርገው ሁሉ ትሑት ነው። አባትየው ጫማውን አውልቆ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልላል። እናት ከቤት የመጣውን ቆጮና የቡናውን ፔርሙስ ከግራሩ ጥላ ሥር ታኖራለች። አያት ውኃውን በመዳፋቸው ዘግነው ካሸተቱ በኋላ «ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ በመጀመሪያ ማዕበሉን ይሸሹታል፤ ቆይቶ ግን ከውኃው ለማውጣት ልመናና ቁጣ ያስፈልጋል። ዳርቻው ቀስ እያለ የሚጠልቅ በሆነበት ስፍራ ሕፃን እንኳ ከእናቱ ዓይን ሳይርቅ ይንቦጫረቃል። ከዚህ የበለጠ ጌጥ የለም፤ ደግሞም አያስፈልግም።

ይህ ቀላል ደስታ ግን ያለ ሰላም የማይገኝ መሆኑን ከገደብ ሰው የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል ገደብ እጅግ ብዙዎችን ያስጠለለ ስፍራ ሆነ። በዚያ ዓመት በመንገዱ ላይ የሚታየው ቤተሰብ ልጁን በጀርባው አዝሎ፣ ማሰሮውንና ምንጣፉን ተሸክሞ የሚሰደድ እንጂ ለዕረፍት የሚሄድ አልነበረም። መንገዱ ያው ነው፤ ተጓዡም ያው ነው። ልዩነቱ ማምሻውን ወደ ቤቱ የሚመለስ መሆኑን ማወቁ ላይ ነው። አንድ ሕዝብ ሰላም ማግኘቱ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ልጆቹን ወስዶ አሸዋ ላይ ማጫወት መቻሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የውኃው ጉዳይም እንዲሁ ችላ የሚባል አይደለም። የሆራ ቀሎ ወንዝ የሚገባበት አብያታ፣ የላንጋኖ ጎረቤት፣ ከ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ እየሸሸ ሄዷል። ከዝዋይ በቡልቡላ በኩል ይመጣለት የነበረው ውኃ ለመስኖ መዋሉ፣ ሶዳ ለማውጣትም ከራሱ ከሐይቁ ውኃ መቀዳቱ ለዚህ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ቀድሞ ውኃ የነበረበት ዛሬ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ነው። በዙሪያው ያለው ግራር ለከሰል ሲቆረጥ፣ የአርሲ ደጋም ሲራቆት የላንጋኖ ወንዞች ይዘውት የሚመጡት ደለል ይበዛል። በሌላ ወገን ዳርቻው በአጥር እየተከፋፈለ በሄደ መጠን ለከብቱም ሆነ በእግሩ ለመጣው ቤተሰብ ወደ ውኃው የሚያስገባው መተላለፊያ ይጠብባል። ሆቴል መሥራት ሥራና ገቢ ያመጣል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን መግቢያ ከፍሎ ማለፍ የማይችለው ሰው ሐይቁን ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያየው ከሆነ ከስድሳ ዓመት በፊት መኪና ያልነበረው ሰው ወደ ነበረበት ተመለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ የላንጋኖ አሸዋ ታሪክ ሲጠቃለል የአንድ መብት ታሪክ ሆኖ ይገኛል። እረኛው በእግሩ፣ ባለሥልጣኑ በመኪናው፣ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ፣ የገደቡም ገበሬ ቡናውን ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ወደዚያው ውኃ ወርደዋል። እያንዳንዱ ወደ ዳር እንዲደርስ ከእርሱ በፊት መንገድ የጠረገ፣ ሰላም ያወረደ፣ በሩንም ክፍት የተወ ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር። የአያትየው ጥያቄ መልስም ከዚሁ አይርቅም። ውኃው በሆራ ቀሎ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ለራሱ ብቻ የሚያስቀረው የለም። ዳርቻውም እንዲሁ ለሚመጣው እንዲተላለፍ ሆኖ መጠበቅ ይገባዋል።